የማታው ደወል

በፈረንሳይ ሰሜን ምዕራብ፣ የኖርማንዲ ምድር በገደል አፋፍ ወደ ባሕሩ በሚያበቃበት ስፍራ፣ ግሩሺ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው። ጀርባቸውን ለማሳ፣ ፊታቸውን ለባሕር ሰጥተው ቆመዋል። የመንደሯ ሰዎች ሲያርሱም ሲያጭዱም የማዕበሉ ድምፅ ከጆሯቸው አይጠፋም ነበር። ነፋስ ባሕሩን ሲያናውጠው ወደ ዳርቻው ይወርዱና ማዕበሉ የተፋውን የባሕር አረም እየሰበሰቡ ለማሳቸው ማዳበሪያ ያደርጉት ነበር። የሰበካቸው ቤተ ክርስቲያን በአጠገባቸው ባለችው በግሬቪል ናት፤ አጠር ብላ መሬቱን የሙጥኝ ያለች፣ ዘመን የጠገበች የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን። ደወሏ በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይደወል ነበር።

ደወሉ የሚጠራው ጸሎት በላቲን አንጄሉስ ይባላል። መልአኩ ገብርኤል ለድንግል ማርያም ያቀረበውን ሰላምታ የሚያስታውስ ነው፤ በአገራችን «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ» የሚለውን ጸሎት እየሰማ ያደገ ሰው መንፈሱን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የዚህ ታሪክ ባለቤት ሠዓሊው ዣን ፍራንሷ ሚሌ በዚህች መንደር ኦክቶበር 4 ቀን 1814 ተወለደ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያን ደወል በልጅነቱ እርሻ ላይ ሆኖ ሰማው። በኋላ ከዚያ ርቆ ኖረ፤ ጆሮው ግን ከዚያ አልራቀም።

ሚሌ ለቤቱ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ነበር። እናቱ ከሌላው ሰው እኩል እርሻ ስለሚውሉ ያሳደጉት አያቱ ሉዊዝ ዡምላን ናቸው። ፍራንሷ የሚለውን ስም ያወጡለትም እሳቸው ሲሆኑ፣ ያሰቡት የአሲሲውን ቅዱስ ፍራንቸስኮስን ነው። ጸሎታቸው የማይቋረጥ፣ ቃላቸው በቤቱ ውስጥ ሕግ የሆነ ብርቱ ሴት ነበሩ። አባቱ ዣን ሉዊ ገበሬ ሆነው ድምፃቸው ያማረ ስለነበር በቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር ይመሩ ነበር። ቅጠልና ሣር አንሥተው «እዩት፣ እንዴት ያምራል» ማለትም ይወዱ ነበር ይባላል። በዚያው ቤት አባ ሻርል የሚባሉ፣ የወንድ አያቱ ወንድም የሆኑ ካህን ነበሩ። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ካህናት ለአዲሱ መንግሥት እንዲምሉ ሲታዘዙ አልምልም ብለው ተሳደዱ፤ ሲረጋጋም ወደ ወንድማቸው ቤት ተመልሰው ቅዳሴያቸውን ከቀደሱ በኋላ የካህን ቀሚሳቸውን ሰብስበው መሬት ይቆፍሩ፣ ድንጋይ ይክቡ ነበር። ትንሹ ፍራንሷ በአንድ ሰው እጅ መጽሐፍም ዶማም ሲያይ አደገ። ይህን ልብ ልንለው ይገባል፤ ኋላ በሸራው ላይ የምናየው ሁሉ መነሻው እዚህ ነውና።

የሰበካው ካህናት ላቲን አስተማሩት። መጽሐፍ ቅዱስን ደጋግሞ አነበበ፤ ከቅዱስ አውግስጢኖስና ከቅዱስ ሄሮኒሞስ ጽሑፎች ጋር ተዋወቀ፤ ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል ስለ እርሻና ስለ እረኞች የጻፈውን በላቲኑ አጣጣመ። ነገር ግን ከትምህርቱ የሚበልጠውን ጊዜ የዋለው ከአባቱ ጋር ነው። አረሰ፣ ዘራ፣ አጨደ፣ ወቃ። ቀትር ላይ ሌላው ሲያሸልብ እሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያያቸውን ሥዕሎች ይገለብጥ፣ በመስኮት የሚያየውን ዛፍና አጥር ይነድፍ ነበር።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለስ ወገባቸው የጎበጠ ሽማግሌ አየ። ቤት እንደ ደረሰ ከሰል አንሥቶ እንዳያቸው ሣላቸው። ቤተሰቡ ሰውየውን ወዲያው ዐወቃቸው፤ ሣቁም። አባቱ ግን አልሣቁም። ልጃቸውን ቀድመው ወደ ሥዕል ትምህርት ሊልኩት ይፈልጉ እንደነበር፣ ወንድሞቹ እስኪያድጉ ግን ያለ እሱ እርሻው እንደማይሆንላቸው ነገሩት። አሁን ሌሎቹ ደርሰዋል።

በ1833 አባትና ልጅ ሁለት ንድፎች ይዘው ወደ ሸርቡር ከተማ ሄዱ። አንደኛው እረኞችን የሚያሳይ ሲሆን፣ ሌላው በወንጌለ ሉቃስ በሌሊት በር አንኳኩቶ እንጀራ ስለሚለምነው ወዳጅ የተነገረውን የሚያስታውስ ነበር። ሙሼል የሚባለው የሥዕል መምህር ንድፎቹን ሲያይ ያለ አስተማሪ የተሠሩ መሆናቸውን ለማመን ተቸገረ፤ ሲያምን ደግሞ እንዲህ ያለውን ልጅ ይህን ያህል ጊዜ እርሻ ላይ ስላቆዩት አባትየውን ገሠጻቸው።

በ1835 አባቱ በድንገተኛ ሕመም ሞቱ። ሚሌ ቀለሙን ትቶ ወደ ግሩሺ ተመለሰ፤ የቤቱ ታላቅ ወንድ ነውና ሞፈሩን መጨበጥ የሱ ዕጣ ሆነ። ልቡ ግን እዚያ አልነበረም። ይህን ያዩት አያቱ የሟቹ ልጃቸው ፈቃድ ሠዓሊ እንዲሆን እንደነበር አስታውሰው ወደ ሸርቡር እንዲመለስ አዘዙት። እሱም ታዘዘ። እዚያ ላንግልዋ ከሚባል መምህር ተማረ፤ የከተማው ምክር ቤትና የአውራጃው ሸንጎ ደግሞ የትምህርት ድጎማ ፈቀዱለት። በጃንዋሪ 1837 የሃያ ሁለት ዓመቱ ወጣት ፓሪስ ገባ።

ገና ሲገባ በረዶ፣ ጭቃ፣ በጭጋግ የደበዘዘ የመንገድ ፋኖስ ተቀበለው፤ ዕንባው መጣ። በፖል ደላሮሽ ማሠልጠኛ አብረውት የሚማሩት የፓሪስ ልጆች «የጫካው ሰው» የሚል ስም አወጡለት። እሱ ንግግሩ ጥቂት፣ ትከሻው ሰፊ የገበሬ ልጅ ነበር፤ መምህሩ የሚያደንቀውን የቲያትር ዓይነት ሥዕልም አልወደደውም። መጽናኛው የሉቭር ሙዚየም ነበር። የማንቴኛን ሰማዕታት፣ የፍራ አንጄሊኮን መላእክት፣ የፑሳንን መልክዐ ምድር ደጋግሞ አየ። ሚኬላንጄሎ የነደፈውን አንድ ራሱን የሳተ ሰው ባየ ጊዜ የዚያ ሰው ሕመም ወደ ራሱ አካል እንደተላለፈበት በኋላ ተናግሯል። ደራሽ ፋሽን ያልማረከው ወጣት በአንድ የሰው አካል ክብደት ተማረከ ማለት ነው።

ድጎማው በ1839 ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ለሳሎን፣ ማለትም ለፓሪሱ ታላቅ ዓመታዊ ዐውደ ርእይ፣ ያቀረበው ሥዕል ተመለሰበት። በማግስቱ ዓመት አንድ የሰው ምስል ተቀበሉለት። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የመከራ ናቸው። በ1841 ፖሊን ኦኖ የምትባለውን የሸርቡር ልጃገረድ አገባ፤ በ1844 ፓሪስ ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። የሣላት ምስሎች ዛሬም ሸርቡር ባለው ሙዚየም ይታያሉ፤ ፊቷ ጸጥ ያለ፣ ዐይኖቿ ትልልቅ ናቸው። ቀጥሎ ካትሪን ለሜር ከምትባል፣ በሰው ቤት ሠራተኛ ከነበረች ወጣት ጋር ኑሮ ጀመረ። ይህች ሴት ኋላ የዘጠኝ ልጆቹ እናት ሆናለች። ሳይጋቡ አብረው መኖራቸውን ግን ለአያቱና ለእናቱ ለመናገር አልደፈረም።

በዚህ ጊዜ ለእንጀራ ሲል በጥቂት ፍራንክ የሰው ምስልና ነጋዴዎች የሚፈልጉትን የዕርቃን ሴቶች ሥዕል ይሠራ ነበር። አያቱ ከግሩሺ የቅዱስ ሄሮኒሞስን ሥዕል መጀመሩን ሰምተው ጻፉለት። ከሠዓሊነቱ በፊት ክርስቲያን መሆኑን እንዳይረሳ፣ ሲሥልም ዘላለምን አስቦ እንዲሥል መከሩት። ያ የቅዱስ ሄሮኒሞስ ሥዕል ለሳሎን ቀርቦ ተመለሰ። ሚሌ አዲስ ሸራ መግዣ ስላልነበረው በላዩ ላይ ሌላ ሣለበት፤ በ1847 የቀረበው ከዛፍ ላይ የሚወርደው ሕፃን ኤዲፐስ ሥዕል ከሥሩ ያን ቅዱስ ይዟል።

አንድ ምሽት በአንድ የሥዕል ነጋዴ መስኮት ፊት ሁለት ሰዎች ስለ አንድ የዕርቃን ሥዕል ሲነጋገሩ ሰማ ይባላል። አንደኛው ማን እንደሣለው ጠየቀ፤ ሁለተኛው ሚሌ የሚባል ከዕርቃን ሴት በቀር ሌላ የማይሥል ሰው ነው አለው። ቤቱ ሲገባ ለካትሪን ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ሥዕል እንደማይሠራ፣ ኑሯቸው ግን የባሰ ሊከብድ እንደሚችል ነገራት። እሷም ዝግጁ መሆኗን መለሰችለት። ታሪኩን የጻፈው የሚሌ ወዳጅና የመጀመሪያ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው አልፍሬድ ሳንሲዬ ነው። ሳንሲዬ ወዳጁን ከፍ ለማድረግ የሚሳሳ ሰው ስለነበር እያንዳንዱን ቃል እንደ ወንጌል አልይዘውም። የሆነው ሆኖ የሚሌ ብሩሽ ከዚያ ወዲህ ወደ ገበሬው መዞሩን ሥዕሎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

በ1848 አብዮት ፓሪስን ሲያናውጣት «አበጣሪው» የሚባል ሥዕል ለሳሎን አቀረበ። አንድ ገበሬ ጨለም ባለ ጎተራ ውስጥ ሰፊ ሰፌድ በጉልበቱ ደግፎ እህል ያበጥራል፤ ገለባው እንደ ወርቅ ብናኝ ይነሣል። ራሱ ላይ ቀይ መሸፈኛ፣ ጉልበቱ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አለ። የአዲሱ ሪፐብሊክ ሚኒስትር ሌድሩ ሮላን በ500 ፍራንክ ገዛው። ሥዕሉ ኋላ ተሠወረ፤ በእሳት ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን ቆይቶ በ1972 አሜሪካ ውስጥ ተገኘና ዛሬ ለንደን በሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ተሰቅሏል። በዚያው በ1848 ግን የሠዓሊው ቤት ባዶ ነበር። ወዳጆቹ ከመንግሥት የተገኘ 100 ፍራንክ ይዘው ሲመጡ ሚሌን ብርድ ቤት ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኙት። አመስግኖ ተቀበለ፤ ሁለት ቀን እንዳልበሉ፣ ልጆቹ ግን እንዳልተራቡ ነገራቸው።

በሰኔ 1849 ፓሪስ ውስጥ ብጥብጥና ኮሌራ ተደራርበው መጡ። ሚሌ ከመንግሥት ለታዘዘ ሥዕል በተቀበለው ገንዘብ ካትሪንንና ልጆቹን ይዞ፣ ከባልንጀራው ከሠዓሊው ሻርል ዣክ ጋር ወደ ባርቢዞን ሄደ። ባርቢዞን ከፓሪስ ደቡብ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ መንደር ናት። በአንድ በኩሏ የፎንቴንብሎ ደን፣ በሌላው የሻይዪ ሜዳ ተዘርግቷል። ለጥቂት ሳምንት አስበው ነበር የሄዱት። ሚሌ እስኪሞት ኖረባት።

የተከራየው ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ የገበሬ ቤት ነበር። ጎተራውን የሥዕል ክፍል አደረገው። ጠዋት ጓሮውን ይኮተኩታል፣ ድንች ይተክላል፤ ከቀትር በኋላ ይሥላል፤ ማታ በመብራት ለልጆቹ ያነብባል። በዚያው መንደር የሚኖረው የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ቴዎዶር ሩሶ የልብ ወዳጁ ሆነ። ሌሎቹ የባርቢዞን ሠዓሊዎች ጃንጥላና ሸራ ይዘው ወደ ደን ሲገቡ ሚሌ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ሌሎቹ ዛፍ ይሥላሉ፤ እሱ ዛፉን የተከለውን ሰው። ሜዳ ላይ ቆሞ መሣልም አያዘወትርም ነበር፤ ያያል፣ በትንሽ ደብተር ይነድፋል፣ ቤቱ ገብቶ ያስታውሳል። ሲያስታውስ ደግሞ የሻይዪ ገበሬዎች የግሬቪልን ሰዎች ይመስሉበታል።

«ዘሪው» ይህን በግልጽ ያሳያል። ለ1850 እስከ 51 ሳሎን የቀረበው ይህ ሥዕል አንድ ወጣት ገበሬ በምሽት ቁልቁለት ሲወርድ ያሳየናል። ከረጢቱን በግራ እጁ አቅፏል፤ ቀኝ እጁ ከኋላ ተወርውሯል፤ እግሩን የጠቀለለው ጭድ ነው። ባርኔጣው ዐይኑን ስለጋረደው ፊቱ አይለይም። ከኋላው ወፎች ዘሩን ይከተላሉ፤ በስተቀኝ በኩል የመጨረሻው ብርሃን በጥማድ ላይ ያርፋል። «እነሆ ዘሪ ሊዘራ ወጣ» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ሰው በሥዕሉ ፊት ሲቆም የሚያየው አንድ የኖርማንዲ ጎረምሳ ብቻ እንዳልሆነ ይሰማዋል። የፓሪስ ተቺዎች ግን ሌላ ነገር አዩ። ከአብዮቱ ማግሥት ስለነበር አንዳንዶቹ ያ ግዙፍ ሰው በባለጠጎች ላይ የሚበትነው ፍርሃት ነው አሉ። ቴዎፊል ጎቲዬ የሚባለው ጸሐፊ ደግሞ ሰውየው ከሚዘራበት ከዚያው አፈር የተሣለ ይመስላል አለ። ጎቲዬ የሚሌን ሥዕሎች ሁሉ መልክ የያዘ ነገር የተናገረ ይመስለኛል።

በ1851 አያቱ ሞቱ። ሚሌ መሞታቸውን በደብዳቤ ሰማ፤ ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው አልቀበራቸውም። እናቱ ልጃቸውን አንድ ጊዜ ሳያዩ እንዳይሞቱ እየጻፉ ይለምኑት ነበር። እሱም አሁን እሄዳለሁ፣ ይህ ሥዕል ሲሸጥ እሄዳለሁ እያለ ዓመታት አለፉ። በ1853 እናቱም ሞቱ። ይህ ኀዘን ከሕይወቱ አልወጣም። ከዚያ በኋላ የሚሥላቸው፣ በር ላይ ቆመው መንገድ የሚጠብቁ ሽማግሎች፣ ልጃቸውን ጦቢያን የሚጠባበቁት የመጽሐፈ ጦቢት ወላጆች ጭምር፣ የማን ፊት እንደሆነ መገመት አይከብድም። ካትሪንንም በማዘጋጃ ቤት ያገባት በዚሁ ዓመት ነው። በ1854 ገንዘብ ሲያገኝ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ግሩሺ ሄደ፤ የተቀበለው የእናቱ ባዶ ቤት ነበር። አራት ወር ያህል ቆየ፤ የጉድጓዱን ውኃ፣ የድንጋዩን አጥር፣ የባሕሩን አፋፍ ሁሉ ነደፈ።

በ1853 ሳሎን ሜዳይ ያገኘበት ሥዕል በእህል ክምር ጥላ ምሳ የሚበሉ አጫጆችን ያሳያል። አንድ ሰው አንዲትን ዐይነ አፋር ሴት እጇን ይዞ ወደ መዓዱ ያመጣታል። ሚሌ ሲጀምረው ያሰበው ሩትንና ቦዔዝን ነበር። ይህ አሳብ አልለቀቀውም። በ1857 ሩትን ብቻዋን፣ ያለ ቦዔዝ፣ በሦስት አካል መልሶ አመጣት።

«ቃራሚዎቹ» የሚባለው ሥዕል ነው። ቁመቱ 83 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 110 ያህል። ሦስት ሴቶች የታጨደ ማሳ ላይ ናቸው። ሁለቱ እስከ መሬት ጎንበስ ብለው የወደቀ ዛላ ይለቅማሉ፤ ሦስተኛዋ ግማሽ ቀና ብላለች፤ ወገቧን ልታሳርፍ ይሁን ጭብጧን ልትይዝ አይታወቅም። በሩቁ፣ በወርቃማው ብርሃን ውስጥ፣ ክምር ይከመራል፣ ጋሪ ይጫናል፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ይታያል። የጥጋቡ ብርሃን ሁሉ እዚያ ነው፤ ለነሱ የቀረው ጥላና ቃርሚያ ነው። በሙሴ ሕግ ባለማሳው ዳርቻውን ፈጽሞ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም እንዳይለቅም፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተውላቸው ታዝዟል። በፈረንሳይም ቃርሚያ የድኾች መብት ነበር፤ ፀሓይ ሳትጠልቅ፣ አዝመራው ከተነሣ በኋላ ብቻ። ሚሌ ጀርባቸውን የሣለበት ከባድ መስመር አስደናቂ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች እንደ አንድ ዜማ ሁለት ምላሽ ይከታተላሉ፣ እጃቸው ከአፈሩ አንድ ሆኗል። ቆነጃጅት አላደረጋቸውም፤ አላሳነሳቸውምም። ጎንበስ ያለች ሴት ለነገሥታት ሥዕል የሚሰጠውን ክብር አገኘች ለማለት ይቃጣኛል።

ከተሜው ተቈጣ። አንዱ ተቺ ከሴቶቹ ጀርባ የ1793ቱን የአብዮት ጦርና የሞት ቅጣት መድረክ አየሁ አለ። ፖል ደ ሳን ቪክቶር ሴቶቹን የድህነት ሦስት የዕጣ አማልክት ብሎ ተሣለቀባቸው። ሥዕሉ በ3,000 ፍራንክ ተሸጠ። የመጣለት ዘመን በኋላ ነው፤ በ1889 የሻምፓኝ ነጋዴዋ ወይዘሮ ፖመሪ በ300,000 ፍራንክ ገዝታ ለሉቭር ሰጠችው።

በዚያው በ1857 ቶማስ አፕልተን የሚባል የቦስተን ሰው አንድ ሥዕል አዝዞት ነበር። ሚሌ ሥዕሉን ሲጀምር የድንች አዝመራ ላይ የሚጸልዩ ባልና ሚስት አሰበ። ሲጨርሰው በአድማሱ ላይ የሻይዪን የቤተ ክርስቲያን ግንብ ጨመረበት። ደወሉ ይደወላል ማለት ነው፤ ሥዕሉም «አንጄሉስ» ተባለ። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል፤ ሴትዮዋ እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ አንገቷን ደፍታለች። በመካከላቸው ድንች ያለበት ቅርጫት፣ በአጠገባቸው መሬት ላይ የተተከለ መንሽና የተጫነ የእጅ ጋሪ አለ። ፀሓይዋ ጠልቃለች። ሸራው ትንሽ ነው፤ 55 ሳንቲ ሜትር ተኩል በ66። አዛዡ ሰው ሥዕሉን ሊወስድ አልመጣም። ሚሌ ለሌላ ሰው በትንሽ ገንዘብ ሸጠው።

በ1865 ለወዳጁ ሲጽፍ ሥዕሉ ከየት እንደመጣ ተናግሯል። አያቱ ናቸው። እርሻ ላይ ሳሉ ደወሉን በሰሙ ቁጥር ሥራ አስቁመው፣ ባርኔጣ አስወልቀው፣ ለሙታን አንጄሉስን ያስደግሟቸው እንደነበር አስታውሷል። ሥዕሉ ሳይቀብራቸው ለቀሩት አያቱ የሠራው ተዝካር እንደ ነበር እኔ አምናለሁ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሳልቫዶር ዳሊ ባልና ሚስቱ የሚያለቅሱት ለሞተ ሕፃን ነው ብሎ ቅርጫቱ ያለበትን ስፍራ በኤክስሬይ እንዲታይ አስደረገ፤ ከቀለሙ ሥር ሣጥን የሚመስል ቅርጽ ተገኘ። ለአንጄሉስ ኀዘን ግን ሣጥን አያስፈልገውም፤ ሠዓሊው ራሱ ጸሎቱ ለሙታን መሆኑን ነግሮናል።

በ1863 «ባለ ዶማው» ቀረበ። ድንጋይና እሾህ በሞላው መሬት ላይ አንድ ሰው ዶማውን ተደግፎ ቆሟል፤ አፉ በድካም ተከፍቷል። ጩኸቱ ከሁሉ የበረታው በዚህ ሥዕል ላይ ነበር። አስቀያሚ ነው፣ አውሬ ነው፣ ሶሻሊስት ነው ተባለ። ሚሌ ለሳንሲዬ የጻፈው መልስ ከሰው ልጅ ድካም ጋር የሜዳውንም ውበት ያስተባብራል፤ የአበባዎቹን ዙሪያ ብርሃን፣ ከደመና በላይ ክብሯን የምትዘረጋውን ፀሓይ፣ ሲያርሱ እንፋሎት የሚወጣቸውን ፈረሶች አያለሁ፤ ከዚያም ድንጋያማ ስፍራ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ሲያቃስት የዋለ ሰው ለአፍታ ቀና ብሎ ሊተነፍስ ሲሞክር አያለሁ ይላል። «በፊትህ ወዝ እንጀራህን ትበላለህ» የሚለው የዘፍጥረት ቃል የሱ ፈጠራ እንዳልሆነ ያስታውሳል። ፖለቲካ ውስጥ ሊከተቱት ለሚፈልጉት ሁሉ የሰጠው መልስ ይህ ነው። በማግስቱ ዓመት ያቀረባት፣ መንጋዋን ከኋላዋ አቁማ ሹራብ የምትሠራ እረኛ ልጃገረድ ግን ሁሉንም አስታረቀች።

ክብር እየመጣ ነበር፤ ቀስ ብሎ። በ1867ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ዘጠኝ ሥዕሎቹ ታዩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሩሶ በወዳጁ እጅ ላይ ሞተ። በ1868 የክብር ሌጌዎን ኒሻን ተሸለመ።

በ1870 ፕሩሲያ በፈረንሳይ ላይ ስትዘምት ሚሌ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሸርቡር ሸሸ። ከአንድ ዓመት በላይ በልጅነቱ አገር ቆየ። እዚያ ሳለ ነው የግሬቪልን ቤተ ክርስቲያን የጀመረው። ያቺ ዝቅ ያለች የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በሥዕሉ መካከል ቆማለች፤ ጣሪያዋ ጠመም ብሏል፤ ወፎች በግንቡ ዙሪያ ይዞራሉ፤ አንድ ገበሬ መሣሪያውን በትከሻው አድርጎ በአጠገቧ ያልፋል። ከኋላዋ ባሕሩ ይታያል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሁሉ ሥዕሉን ይነካካው፣ ይጨምርበት ነበር። ከሞተ በኋላ በቤቱ ካሉት ሥራዎቹ ጋር ለሽያጭ ሲቀርብ መንግሥት ገዛው።

በ1874 መንግሥት የፓሪስ ጠባቂ ስለሆነችው ስለ ቅድስት ዠነቪየቭ በፓንቴዎን ግድግዳ ላይ እንዲሥል 50,000 ፍራንክ መደበለት። እረኛ የነበረች ቅድስት። ሌላ ማን ሊሥላት ይገባል? ሚሌ ግን በከሰል ጥቂት ንድፍ ብቻ አደረገ፤ ትኩሳትና ሳል አልለቅ አሉት። ጃንዋሪ 3 ቀን 1875 ካህን ቤቱ ድረስ መጥቶ ከካትሪን ጋር የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ አፈጸመላቸው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ። ጃንዋሪ 20 ማለዳ ሞተ። ስድሳ ዓመቱ ነበር። ከሩሶ አጠገብ በሻይዪ መቃብር፣ በአንጄሉሱ ሥዕል አድማስ ላይ ደወሏ በምትደወለው ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ተቀበረ።

ከዚህ ወዲህ ያለውን የገንዘብ ታሪክ ባጭሩ ልንገር። ጁላይ 1 ቀን 1889 በፓሪስ ጨረታ ላይ አንጄሉስ 553,000 ፍራንክ ወጣበት። ለፈረንሳይ መንግሥት የተጫረተው ሰው አሸንፎ ነበር፤ ምክር ቤቱ ገንዘቡን ስላልፈቀደ ግን ሥዕሉ ለአሜሪካውያን ሆነና በአሜሪካ ከተሞች ዞረ። በ1890 ሾሻር የሚባል የፓሪስ ነጋዴ ከ700,000 ፍራንክ በላይ ከፍሎ መለሰው፤ በ1909 ሲሞት ለሕዝብ አወረሰው። ዛሬ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ለሠዓሊው ልጆች አንድ ፍራንክ አልደረሳቸውም። ነገሩ ፈረንሳይን ቆጨ፤ በ1920 ሥዕል በተሸጠ ቁጥር ለሠዓሊው ወይም ለወራሾቹ ድርሻ የሚያስገኝ ሕግ ሲወጣ፣ ተከራካሪዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የጠቀሱት የሚሌን አንጄሉስ ነበር።

ወደ 1875 እንመለስ፤ ሚሌ ከሞተ አምስት ወር ሆኗል። በሰኔ ወር ፓሪስ በሚገኘው ድሩኦ የሽያጭ አዳራሽ የሚሌ ንድፎችና የደረቅ ቀለም ሥዕሎች ለሽያጭ ተሰቀሉ። ከተመልካቾቹ አንዱ በሥዕል ነጋዴዎች ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ሆላንዳዊ ነበር፤ የፕሮቴስታንት መጋቢ ልጅ፤ ስሙ ቪንሰንት ቫን ጎግ። ወደ አዳራሹ ሲገባ የተሰማውን ለወንድሙ ለቴዎ ጻፈ፤ የቆምህባት ስፍራ የተቀደሰች ናትና ጫማህን አውልቅ የሚለው ለሙሴ የተነገረው ቃል ነበር ወደ ልቡ የመጣው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሠዓሊ ለመሆን ሲወስን እጁን ያለማመደው «ዘሪውን» ደጋግሞ በመገልበጥ ነው። በ1889 ሳን ሬሚ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ተኝቶ ሳለ ቴዎ የሚሌን ሥዕሎች ኅትመት ላከለት። ከጥቁርና ነጩ ኅትመት ተነሥቶ ሃያ አንድ ሥዕሎችን በራሱ ቀለም እንደገና ሠራ፤ አጫጆችን፣ ነዶ አሳሪዎችን፣ ፈታይዋን ሳይቀር። በጃንዋሪ 1890 የቴዎ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። በዚያ ወር ቪንሰንት «የመጀመሪያ እርምጃዎች» የሚባለውን የሚሌን ንድፍ መረጠ። አንድ ገበሬ ጓሮው ውስጥ አካፋውን መሬት ላይ ጥሎ ተንበርክኳል፤ ሁለት እጁን ዘርግቷል። ከወዲያ በኩል እናት ሕፃኗን በብብቷ ይዛ ጎንበስ ብላለች። ሕፃኗ ገና አልተራመደችም።